አሳዳጊ የበደለው ሁሉ አጥቂ አይሆንም

አንዲት ሕፃን ተደፈረች የሚል ዜና በተሰማ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣው ቁጣ ነው። ይሰቀል፣ ዕድሜ ልኩን ይታሰር፣ ፎቶው አደባባይ ይለጠፍ ይባላል። ቁጣው በረድ ሲል ጥያቄው ይከተላል፦ ይህን ሰው ምን ዓይነት ቤት አሳደገው? እናቱ የት ነበረች? "አሳዳጊ የበደለው" የሚለው ስድብም በሰው ሁሉ አፍ ላይ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ፍርድ ነው። ፍርዱ ፈጣን ነው፤ ማስረጃ አምጡ የሚል ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ማስረጃውን ሲፈልጉ የኖሩ ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የካናዳ፣ የኒውዚላንድና የአውስትራሊያ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች፣ ቀጥሎም በአፍሪካና በእስያ የተካሄዱ ጥናቶች አንድን ጥያቄ ከየአቅጣጫው መርምረዋል። ልጅ ከወላጆቹ ጋር የነበረው ቁርኝት ጎልምሶ ከሚፈጽመው ወሲባዊ ጥቃት ጋር ምን ያገናኘዋል? የተገኘው መልስ ለተቆጣም ላዘነም አይመችም። ግንኙነቱ አለ፤ ግን ሰው ከሚገምተው የጠበበ ነው፣ ብቻውንም አይሠራም። ጣት የሚቀሰረው በእናት ላይ ቢሆንም፣ ከጥናቶቹ ውስጥ ብዙም ያልተወራለት ግኝት የአባት ጉዳይ ነው።

ከለንደን ሌቦች እስከ ካምፓላ መንደሮች

እንግሊዛዊው የአእምሮ ሐኪም ጆን ቦልቢ እ.ኤ.አ. በ1944 ባሳተመው ጥናት በአንድ የለንደን ክሊኒክ የታዩ 44 ሌባ ልጆችን፣ ስርቆት ከሌለባቸው ሌሎች 44 የክሊኒኩ ልጆች ጋር አነጻጸረ። ከሌቦቹ 14ቱ ለማንም ፍቅር የማይሰማቸው፣ ለሙገሳም ለቁጣም ደንታ የሌላቸው ነበሩ። ከእነዚህ 14 ልጆች 12ቱ በጨቅላነታቸው ከእናታቸው ለረጅም ጊዜ ተለይተው ነበር። ለንጽጽር ከቀረቡት 44 ልጆች ግን እንዲህ ያለ መለየት የገጠማቸው 2 ብቻ ነበሩ።

ቦልቢ ከዚህ ተነሥቶ ኋላ በሦስት ቅጽ ያሰፋው ሐሳብ በአጭሩ ይህን ይመስላል። ሕፃን ወደ አሳዳጊው የሚጠጋው ለወተት ብቻ አይደለም፤ ከአደጋ ለመዳንም ነው። ሲፈራ የሚሮጥበት ሰው ያለው ልጅ ሰው እንደሚታመን ይማራል። ሮጦ የሚያጣው ወይም ሮጦ የሚመታው ደግሞ ተቃራኒውን ይማራል። ይህ በቃል ያልተሰጠ ትምህርት በመሆኑ በምክር ብቻ አይነቀልም።

የቦልቢ ሥራ ጉድለት ነበረበት። የልጆቹን ጠባይ የመደበውም፣ የመለየት ታሪካቸውን የመዘነውም እሱ ራሱ ነው፤ ሸክሙን ሁሉ ደግሞ በእናት ጫንቃ ላይ ጫነው። ይህንን የሚያርም ማስረጃ የተገኘው ከአፍሪካ ነው። የሥራ ባልደረባው የነበረችው ሜሪ ኤይንስዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 በካምፓላ አቅራቢያ ባሉ መንደሮች 26 የጋንዳ ቤተሰቦችን ቤታቸው ድረስ እየሄደች ተከታተለች። በእነዚያ መንደሮች ልጅን የሚያዝለው ብዙ ሰው ነው። ኤይንስዎርዝ የያዦቹ መብዛት የልጁን ቁርኝት እንዳላናጋው አየች። ለውጥ ያመጣው ሌላ ነገር ነበር። ስለ ልጇ ስትጠየቅ ምን እንደሚወድ፣ ምን እንደሚያስለቅሰው ዝርዝሩን ለይታ የምትናገር እናት፣ ልጇም የተረጋጋ ሆኖ ተገኘ። ልጁን ልብ ብሎ ማየት ከሰዓት ብዛት የበለጠ ዋጋ አለው ማለት ነው።

ኤይንስዎርዝ በኋላ በአሜሪካ ባልቲሞር የቀየሰችው መፈተኛ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። እናትና አንድ ዓመት ገደማ የሆነው ልጇ መጫወቻ ወዳለበት ክፍል ይገባሉ። አንዲት እንግዳ ሴት ትመጣለች። እናት ትወጣለች፣ ትመለሳለች፣ እንደገና ትወጣለች፣ እንደገና ትመለሳለች። ሁሉም በ20 ደቂቃ ገደማ ያልቃል። ዋናው የሚታየው እናት ስትወጣ ልጁ ማልቀሱ ሳይሆን ስትመለስ የሚያደርገው ነው። አንዱ ሮጦ ይጠጋል፣ ታቅፎ ይረጋጋል፣ ወደ ጨዋታው ይመለሳል፤ ይህ የተረጋጋ ቁርኝት ይባላል። ሌላው ይጣበቅባትና መልሶ ይራገጣል፤ አባብለው አይበርድለትም። ሦስተኛው ቀና ብሎ እንኳ አያያትም፤ መጫወቻውን ማገላበጡን ይቀጥላል። ይህንን ልጅ ያየ ሰው "እንዴት ያለ ጨዋ ነው፣ አያስቸግርም" ሊል ይችላል። በኋላ የልብ ምት ሲለካ ግን የዚህም ልጅ ልብ እንደ ሌሎቹ ፈጥኖ ይመታ እንደነበር ታወቀ። ልጁ ፈርቷል። ፍርሃቱን ማሳየት እንደማይጠቅመው ግን ከወዲሁ ተምሯል። ከዓመታት በኋላ አራተኛ ዓይነት ታክሏል፤ የሚያስፈራው ራሱ ወላጁ ስለሆነ መጠጋትም መሸሽም አቅቶት መሐል ላይ ደርቆ የሚቀር ልጅ ነው።

ጥናቱ እስር ቤት ሲገባ

እ.ኤ.አ. እስከ 1980ዎቹ ድረስ ስለ ደፋሪ ሲነገር የሚሰሙት ማብራሪያዎች በአመዛኙ ሁለት ነበሩ። አንዱ ፍትወት አሸንፎት ነው ይላል፤ ሁለተኛው ሥልጣን ፍለጋ ነው ይላል። በካናዳ ኪንግስተን ከተማ በሚገኘው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ የነበረውና ከእስረኞች ጋር ለዓመታት የሠራው ዊልያም ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1989 ሦስተኛ ማብራሪያ ይዞ መጣ። ማርሻል እነዚህ ሰዎች ከፍትወት ይልቅ የሚያመሳስላቸው ብቸኝነት እንደሆነ ጻፈ። ከወላጆቻቸው ጋር ያልተማሩትን መቀራረብ ከእኩዮቻቸው ጋር ሊፈጥሩት አልቻሉም። ሰውን የሚቀርቡበት ሌላ መንገድ ስለማያውቁ የቅርበት ረኃባቸውን በወሲብ ብቻ ሊያስታግሱ ይሞክራሉ። ያም አያጠግባቸውም፤ ስለዚህ ይበረታል፣ ይከፋል።

ቶኒ ዋርድና ባልደረቦቹ በኒውዚላንድ እስር ቤቶች ይህንን ፈተኑት። እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ጥናት ሴት የደፈሩትን፣ ሕፃናት ላይ ጥቃት ያደረሱትን፣ ወሲባዊ ያልሆነ ዓመፅ የፈጸሙትንና ዓመፅ የሌለበት ወንጀል የሠሩትን እስረኞች አነጻጸሩ። አብዛኞቹ እስረኞች፣ ወንጀላቸው ምንም ይሁን ምን፣ ያልተረጋጋ ቁርኝት ያላቸው ሆነው ተገኙ። ልዩነቱ በዓይነቱ ላይ ነበር። ሕፃናትን ያጠቁት በአብዛኛው ሰው እንዳይንቃቸው የሚሰጉ፣ ቅርበትን የሚመኙና የሚፈሩ ናቸው። ሴት የደፈሩት ደግሞ ሰው አያስፈልገኝም የሚሉ፣ ቅርበትን የሚንቁ ናቸው።

በአውስትራሊያ ስቲቨን ስሞልቦንና ማርክ ዳድስ እ.ኤ.አ. በ1998 እስረኞችን ስለ እናትና አባታቸው ለየብቻ ጠየቁ። በገዛ ቤተሰባቸው ውስጥ ሕፃናት ላይ ጥቃት ያደረሱት ከእናታቸው ጋር የነበራቸው ግንኙነት በተለይ የተበላሸ ነበር። የማያውቋትን ሴት የደፈሩት ግን በተለይ የተበላሸው ከአባታቸው ጋር የነበረው ነው። ሁለቱ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ ከእስር ቤት ወጥተው 162 ወንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ጠየቁ። ሴትን አስገድደው ወይም ተጭነው ወሲብ መፈጸማቸውን ከተናገሩት ጋር አብሮ የሚሄደው ያልተረጋጋ የልጅነት ቁርኝት፣ በተለይም ከአባት ጋር የነበረው ሆነ። ጠበኝነትና ሕግ አለማክበር በስሌት ተለይተው ሲወጡም ግንኙነቱ አልጠፋም።

ይህ ግኝት ብዙ ሊያነጋግር ሲገባው አላነጋገረም። ስለ ልጅ አስተዳደግ በሚጻፈው ሁሉ አባት የሚነሣው ስለ መኖሩና ስለ መጥፋቱ፣ ስለሚያመጣው ገንዘብ ነው። እዚህ ግን ጥያቄው ሌላ ነው። በቤት ውስጥ ያለ አባት ልጁ ሲፈራ የሚጠጋበት ነው ወይስ ልጁ የሚፈራው እሱን ነው?

መንገዱ በየት ነው የሚያልፈው?

ከጨቅላነት እስከ ወንጀል 20 እና 30 ዓመት አለ። በዚያ መሐል የሚሆነውን ተመራማሪዎቹ በሦስት ነገር ያስረዳሉ።

የመጀመሪያው የሌላውን ስሜት ማንበብ ነው። ልጅ የሰውን ፊት ማንበብ የሚማረው የራሱን ፊት ካነበበለት ሰው ነው። ሲያለቅስ "አሞሃል?"፣ ሲኮሳተር "ተቆጣህ?" ያላለው ሰው ከሌለ የራሱንም የሌላውንም ስሜት በስሙ ሳያውቅ ያድጋል። ቅርበትን የሚንቀው ሰው ደግሞ ስሜትን ማንበብ ቢችል እንኳ ላለማየት የሰለጠነ ነው፤ በሕፃንነቱ የገዛ ፍርሃቱን የዘጋበት በር የሌላውንም ሥቃይ ይዘጋበታል።

ሁለተኛው ንዴትን፣ ኀፍረትንና ውርደትን መቻል ነው። ታቅፎ የበረደለት ልጅ ቀስ በቀስ ራሱን ማብረድ ይለምዳል። ያልተማረው ሰው ሴት እምቢ ስትለው የሚሰማው እንደ ማንኛውም ሰው ቅር መሰኘት አይደለም፤ እንደ ተዋረደ ነው የሚቆጥረው። ማርሻል የመዘገባቸው ሰዎች ለዚህ ስሜት የሚያውቁት መድኃኒት አንድ ብቻ ነበር፤ ወሲብ።

ሦስተኛው መቆጣጠር ነው። ቅርበት ሁልጊዜ የሚከዳው ሰው ሊከዳው የማይችል ሰው ይፈልጋል። ሕፃን አይንቅም፣ አይተችም፣ አይተውም ብሎ ያስባል። በሕፃናት ላይ ጥቃት የሚያደርሱ ሰዎች ልጁን "ወዳጄ ነበር" ሲሉ የሚሰሙት ከዚህ የተነሣ ነው። ለልጁ ነገሩ ክህደትና ፍርሃት መሆኑን ላለማየት ራሳቸውን ያታልላሉ።

በአሜሪካ ኒል ማላሙትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1991 በብዙ የኮሌጅ ወንዶች መረጃ ላይ ተመሥርተው መንገዱን ይበልጥ አሳዩት። ዓመፅ ያለበት ቤት ልጁን በቀጥታ ወደ ወሲባዊ ጥቃት አይወስደውም። መጀመሪያ ከወንጀለኛ ጓደኞች ጋር ያገናኘዋል። ከዚያ ሁለት ነገር ሊያድርበት ይችላል፤ ፍቅር የሌለበትን ወሲብ እንደ ድል መቁጠርና ሴትን እንደ ጠላት ማየት። አደጋው የሚጎላው ሁለቱ በአንድ ሰው ሲገናኙ ነው። ስለዚህ ቤት በሩን ይከፍታል እንጂ መንገዱን ሁሉ አይመራም፤ ቀሪውን የሚመሩት ጓደኛና ባህል ናቸው።

ጥርጣሬዎቹ

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ "አሳዳጊ የበደለው" የሚለው ስድብ ሳይንስ ሆነ ማለት ነበር። አላበቃም።

ከእነዚህ ጥናቶች አብዛኞቹ የታሰረን ሰው ስለ ልጅነቱ የሚጠይቁ ናቸው። የታሰረ ሰው ስለ አባቱ ጭካኔ ቢናገር ያተርፋል እንጂ አይከስርም። ትዝታም ከዛሬ ተነሥቶ ትናንትን ይቀባል። በዚያ ላይ የዋርድ ጥናት እንዳሳየው ሴት የደፈሩት ሰዎች ከሌሎች ዓመፀኛ እስረኞች ብዙም አልተለዩም። የተበላሸ ቁርኝት ወደ ዓመፅ የሚያዘነብል ከሆነ ዓመፁ ለምን ወሲባዊ እንደሆነ አያስረዳም። የስሞልቦንና የዳድስ የተማሪዎች ጥናት ለዚህ በከፊል መልስ ቢሰጥም ክርክሩን አልዘጋውም።

የቁጥሩም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1988 ከ8 አገሮች የተሰበሰቡ ወደ 2,000 የሚጠጉ ልጆች መረጃ አንድ ላይ ሲታይ የተረጋጋ ቁርኝት ያላቸው 65 በመቶ ገደማ ነበሩ። ከሦስቱ ልጅ አንዱ ማለት ይቻላል በሌላኛው ወገን ነው። ይህ ሁሉ ሕዝብ አጥቂ አይሆንም፤ እጅግ አብዛኛው ዕድሜውን ሙሉ ማንንም ሳይነካ ይኖራል። ሌላም አለ፤ ሴት ሕፃናት ከወንዶቹ በተሻለ ቁርኝት አያድጉም፤ በመፈተኛውም ላይ የጎላ ልዩነት አይታይባቸውም። ጥቃት የሚያደርሱት ግን እጅግ አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። ቁርኝት ብቻውን ምክንያት ቢሆን ኖሮ ይህ ልዩነት ባልኖረ ነበር።

ወደ ኋላ ከመጠየቅ ይልቅ ወደ ፊት የተከታተለችው ካቲ ስፓትዝ ዊደም ናት። በአሜሪካ ፍርድ ቤት የተመዘገቡ 908 የተበደሉና ችላ የተባሉ ልጆችን ከ667 ሌሎች ጋር እያነጻጸረች ለአሥርት ዓመታት ተከታተለች። እ.ኤ.አ. በ2015 ከክሪስቲና ማሲ ጋር ያወጣችው ውጤት ሁለት ነገር ይነግረናል። በልጅነታቸው የተደበደቡና ችላ የተባሉት ጎልምሰው በወሲብ ወንጀል የመያዝ ዕድላቸው እጥፍ ገደማ ነበር። በልጅነታቸው የተደፈሩት ግን በስታቲስቲክስ አስተማማኝ የሆነ ልዩነት አላሳዩም። "የተደፈረ ይደፍራል" የሚለው አባባል እዚህ ላይ ድጋፍ አላገኘም። ይህ ዝም ብሎ የጥናት ጨዋታ አይደለም። ጥቃት የደረሰበት ወንድ ልጅ አፉን ከሚዘጋባቸው ምክንያቶች አንዱ "ነገ አንተም ትደፍራለህ" ተብሎ እንዳይጠረጠር መፍራቱ ነው።

ካርል ሃንሰንና ኬሊ ሞርተን ቡርጎን እ.ኤ.አ. በ2005 ከ29,000 በላይ ወሲብ ነክ ወንጀለኞችን የሚመለከቱ 82 ጥናቶችን ሲያጠቃልሉ ደግሞ የከፋ ልጅነት ወንጀሉን ማን እንደሚደግመው አልተነበየም። የሚተነብዩት የተዛባ የወሲብ ፍላጎትና ሕግን የመናቅ ኑሮ ነበሩ። ልጅነት ለአጀማመሩ ድርሻ ይኖረው ይሆናል፤ ለመቀጠሉ ግን ሌላ ነገር ተጠያቂ ነው።

መብቴ ነው የሚል ሰው

ከልጅነት ቁስል ሌላ ምን እንዳለ በግልጽ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው፣ በእስያና በፓስፊክ 6 አገሮች ከ10,000 በላይ ወንዶችን የጠየቀው የተባበሩት መንግሥታት ጥናት ነው። ከተጠየቁት ወንዶች ወደ ሩብ የሚጠጉት ሚስታቸውን፣ ፍቅረኛቸውን ወይም ሌላ ሴት አስገድደው ያውቃሉ። ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ይህንን መጀመሪያ የፈጸሙት 20 ዓመት ሳይሞላቸው ነው። በልጅነት መደብደብና መበደል ከጥቃቱ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል፤ ይህ የነባሩን ጥናት ሐሳብ ያጠናክራል። ለምን አደረግህ ሲባሉ ግን ከሁሉ በላይ የሰጡት ምክንያት ብቸኝነት ወይም ቁስል አልነበረም። ፈልጌ ነው፣ መብቴ ነው የሚል ነበር።

ወደ አገራችን ስንመለስ ይህ መልስ ይበልጥ ይከብዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ ባደረገው የብዙ አገሮች ጥናት በቡታጅራ ገጠር ባል ወይም የትዳር አጋር ካላቸው ወይም ከነበራቸው ሴቶች 59 በመቶ የሚሆኑት በአጋራቸው ወሲባዊ ጥቃት ደርሶብናል ብለዋል። በጥናቱ ከተካተቱት ቦታዎች ሁሉ ከፍተኛው ቁጥር ይህ ነበር። የሌሎች ጥናቶች ቁጥር ከዚህ ያንሳል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 10 በመቶ ነው ያለው። አጠያየቁም ቦታውም ይለያያል። ያም ሆነ ይህ ከአንድ አካባቢ ሴቶች ከግማሽ በላይ ተገደናል ሲሉ የባሎቹ ሁሉ እናት ልጇን አላቀፈችም ብሎ ማስረዳት አይቻልም። እነዚያ ባሎች ያደረጉት ባል የሚያደርገው ነው ተብለው ያደጉበትን ነው።

ሕጉም ከእነሱ ጋር ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን የሚቀጣው ከጋብቻ ውጪ ሲፈጸም ነው። ሚስቱን ያስገደደ ባል በዚህ አንቀጽ አይጠየቅም። ልጁ ከአባቱ የተማረውንና ሕጉ የተወለትን አንድ ላይ ስናይ፣ ስለ ወንጀለኛው የሕፃንነት ቁስል ብቻ ማውራት ከዋናው ነገር መሸሽ ይሆናል።

ይህ ማለት ግን የቤቱ ጉዳይ እኛን አያገባንም ማለት አይደለም። ብዙዎቻችን ያደግንበት ቤት አባት ሲገባ ጨዋታ የሚቆምበት ነው። አባት ይከበራል፣ ይፈራል፤ ልጁ ሲያለቅስ "ወንድ ልጅ አያለቅስም" ይላል፤ ሲያጠፋ ቀበቶ ይፈታል። ይህ በአብዛኛው ከጥላቻ የመጣ አይደለም፤ ልጅ የሚቀናው እንዲህ ነው ተብሎ ስለሚታመን ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ልጆችን ከአካላዊ ቅጣት የሚጠብቀው በትምህርት ቤቶችና በሌሎች የሕፃናት ማሳደጊያ ተቋማት ነው፤ ቤትን በስም አላነሣም። ከላይ ያየነው "ጨዋ" ሕፃን፣ ፍርሃቱን ዋጥ አድርጎ መጫወቻውን የሚያገላብጠው፣ በእንዲህ ያለ ቤት የሚሸለም ልጅ ነው።

አንድ ጥንቃቄም እዚህ ላይ ያስፈልጋል። ልጇን ለአያቱ ትታ ዐረብ አገር የሄደች እናት ላይ ይህንን ጥናት መምዘዝ የሚያምራቸው አይጠፉም። ጥናቱ ግን ይህንን አይልም። ኤይንስዎርዝ በጋንዳ መንደሮች ያየችው፣ ልጅ ልብ ብሎ የሚያየው ሰው ካገኘ የያዦቹ ብዛት እንደማይጎዳው ነው። ጎጂው ልጁን ከእጅ ወደ እጅ እያቀባበሉ ማንም የኔ ሳይለው መቅረቱ ነው። አያቱ ዘንድ ያደገ ልጅ ያቺን አያት ካገኘ መጠጊያ አግኝቷል። ሪያድ ሆና ደመወዟን የምትልክ እናት አስቀድማ ልትጠይቀው የሚገባው ልጄ ሲፈራ ወደ ማን ይሮጣል የሚለውን ነው እንጂ ሄጄ ገደልኩት ብላ የምትቆጭበት ነገር የለም።

ምን ሠራ? ምንስ አልሠራም?

የአንድ ሐሳብ ዋጋ የሚታወቀው ሥራ ላይ ሲውል ነው። የቁርኝት ጥናት በሦስት ቦታ ሥራ ላይ ሲውል ምን እንደሆነ ማየት ይቻላል።

አንደኛው በጨቅላነት ነው። በደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን ጥግ ባለችው ድሃ ሰፈር ካየሊቻ፣ ሠልጥነው የተሰማሩ የሰፈሩ ሴቶች 449 እናቶች በተሳተፉበት ሙከራ ነፍሰ ጡሮችንና አራሶችን ቤታቸው እየሄዱ ሕፃኑ ምን እያለ እንደሆነ አብረው እንዲያዩ ያግዙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ውጤት፣ ከተጎበኙት እናቶች ልጆች 74 በመቶ፣ ካልተጎበኙት ደግሞ 63 በመቶ የተረጋጋ ቁርኝት እንደነበራቸው አሳየ። ሐኪም ቤት አልተሠራም፤ ውድ ባለሙያ አልተቀጠረም። ሥራው አገራችን በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከምትሠራው ብዙም የራቀ አይደለም።

ሁለተኛው ከአባቶች ጋር ነው። በሩዋንዳ ባንዴቤሬሆ የተባለው ፕሮግራም ትንንሽ ልጆች ያሏቸውን ወይም ልጅ የሚጠብቁ አባቶችን ሰብስቦ በ15 ስብሰባዎች ስለ እርግዝና፣ ስለ ልጅ ማቀፍና ማጫወት፣ ስለ ቁጣ፣ ስለ ራሳቸው አባቶች እንዲነጋገሩ አደረገ። በከፊሉ ስብሰባ ሚስቶቻቸውም ይገኛሉ። ከ1,000 በላይ ጥንዶች የተሳተፉበት ሙከራ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2018 ሲወጣ፣ ከጅማሬው 21 ወር በኋላ ባለፈው ዓመት ባሌ በወሲብ አስገድዶኛል ያሉት ሚስቶች ፕሮግራሙን ባላገኙት ዘንድ 60 በመቶ ገደማ፣ ባገኙት ዘንድ 35 በመቶ ገደማ ሆኑ። ልጆችን መምታትም ቀነሰ። በአንድ ፕሮግራም የባል ማስገደድም የአባት በትርም ቀነሱ። እነዚህ ሁለቱ ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ የሚለውን ሐሳብ ከዚህ በላይ የሚደግፍ ውጤት ማግኘት ይከብዳል።

ሦስተኛው ከእስረኞች ጋር ነው፤ እዚህ ላይ ትልቅ ውድቀትም አለ። እንግሊዝና ዌልስ ለዓመታት በእስር ቤቶቻቸው ያካሄዱት የወሲብ ወንጀለኞች ሕክምና እ.ኤ.አ. በ2017 ተገምግሞ፣ ሕክምናውን ያገኙት 10 በመቶ፣ ያላገኙት ደግሞ 8 በመቶ ወሲባዊ ወንጀል ደግመው ተገኙ። ፕሮግራሙ ቀረ። ወንጀለኞችን በቡድን አስቀምጦ ወንጀላቸውን እያስተረኩ አስተሳሰባቸውን ማረም እንደታሰበው አልሠራም። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ1994 በካናዳ ኦንታሪዮ፣ ከአንድ የሜኖናይት ቤተ ክርስቲያን ፓስተር ጥረት የተጀመረ ቀላል ሐሳብ አለ። ከእስር የወጣውን፣ ማንም የማይጠጋውን ሰው ጥቂት በጎ ፈቃደኞች ይከቡታል። ቡና አብረውት ይጠጣሉ፣ ሥራና ቤት ሲፈልግ ያግዙታል፣ አካሄዱን ይከታተላሉ፣ አጠራጣሪ ነገር ሲያዩ ፊት ለፊት ይጠይቁታል። በአሜሪካ ሚኒሶታ ይኸው ዘዴ በዕጣ ተከፋፍሎ ሲፈተን፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ውጤት በአዲስ ወሲባዊ ወንጀል የመያዝ አደጋን በ88 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ሙከራው ትንሽ ነው፤ 100 ሰዎች ብቻ ነበሩበት። ሆኖም ሰው የሚከበውና የሚጠይቀው ሲያገኝ ይለወጣል የሚለው ሐሳብ፣ ከሕፃንነትም በኋላ የሚሠራ ይመስላል።

ከእነዚህ ሁሉ የሚወጣው መደምደሚያ ፍርድ ቤቱና ጤና ኬላው አንድን እውቀት በሁለት መንገድ እንዲጠቀሙበት ነው። በፍርድ ቤት ልጅነት ማስተባበያ ሊሆን አይገባም። ከሦስት ልጅ አንዱ ያልተረጋጋ ቁርኝት ይዞ በሚያድግበት ዓለም ጥቃቱን ያደረሰው ሰው ለምርጫው ይጠየቃል፤ የእናቱም ስም በመዝገቡ ላይ ሊነሣ አያስፈልግም። በጤና ኬላና በቀበሌ ግን ይኸው እውቀት ሥራ ሊሆን ይገባል። እናቲቱ ለእርግዝና ክትትል ስትጠራ አባትየውንም መጥራት፣ ስለ ክትባት ሲነገር ስለ ማቀፍና ስለ ማጫወትም መናገር፣ ቀበቶን ከቤት ማስወጣት። ከሁሉ ጋር ደግሞ አንቀጽ 620 ውስጥ ያለው "ከጋብቻ ውጪ" የሚል ገደብ መነሣት አለበት። አባቶችን ስለ ርኅራኄ እያስተማሩ፣ ባል ሚስቱን ማስገደዱን ከወንጀል ሳይቆጥሩ መቀጠል አንዱ እጅ የሠራውን በሌላው ማፍረስ ነው።